ባለፎቁ የእድር ቤት

ለምወድህ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? የእንግሊዝ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማየም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ስልክ ከተቋረጠ ስለሰነበተ ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፖስታ እንዲልክልህ ወደ ጎንደር ለሚወጣው ለሙኽታር ሰጥቼዋለሁ።

ያን እዚያ የምትጠግኑትን የእንግሊዝ መንደር የጥንት የማኅበር አዳራሽ ፎቶ የላክህልን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ግድግዳው በእንጨት መካከል የተመረገ ጭቃና ጭድ ነው ስትለን፣ ጎረቤታችን እትየ አገኘሽ "እንግሊዝም እንደኛ ጭቃ ይመርጋል እንዴ!" ብለው ሳቁ። አናጢው ባየልኝ ግን አልሳቀም። ምሰሶዎቹ አፈር ሳይነኩ ድንጋይ ላይ መቆማቸውን፣ ያለ ምስማር እንጨት ከእንጨት ተሰክቶ በእንጨት ችንካር መያዙን፣ ፎቁ ከታችኛው ቤት አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ ማለቱን እያየ ስልኬን አልመልስ አለኝ። በመጨረሻ "የእድራችንን ቤት እንዲህ እንሥራው፤ ምስጥም አያገኘው" አለ። አንተም ከጁምዓ በኋላ እየተቀመጥህ መጋጠሚያውን ሁሉ ሣልህለት። እስላሙም ክርስቲያኑም የክርክራ ግንድ ተሸክሞ መጣ፤ ቤቱም ቆመ። ታቹ ክፍት ነው፤ ገበያተኛው ከፎቁ ሥር ከፀሐይ ይጠለላል።

አባየ ግን ደጁን አልረገጡም። ሱቃቸውን ትተህ እንጨት ልጠርብ ብለህ መሄድህ እንዴት እንደቆረቆራቸው አንተው ታውቃለህ።

በነሐሴ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ከተማ ገባ። ቀን መሆኑ በጀን፤ እናቶችን ከነልጆቻቸው፣ እንደ እማየ ያሉ ደካሞችንም ወደ ፎቁ አወጣን። አባየ ከሱቄ አልወጣም አሉ። ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ባየልኝ አዝሎ አመጣቸው። ጎርፉ ከሥራችን በምሰሶዎቹ መካከል እያገሳ አለፈ። ቤቱ ሲጢጥ ሲጢጥ አለ እንጂ አልተነቃነቀም። አባየ የሰው ጋቢ ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠው መጋጠሚያውን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

እትየ አገኘሽ "ኸሊፋ፣ ያተረፈን እኮ የእርስዎ ልጅ ነው" አሏቸው።

አባየ ወደ እኔ ዞሩ። የእንግሊዙ ቤት ስንት ዘመን እንደኖረ ጠየቁኝ። አምስት መቶ ዓመት ገደማ ነው አልኋቸው። "ይህን ሁሉ ዘመን የሚጠግነው ሰው አላጣም ማለት ነው" አሉ።

ወንድሜ፣ ሰሊጡ በስብሷል፣ የሱቁም ግድግዳ ወድቋል፤ የሞተ ሰው ግን የለም። እናቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ ስላንተ እኔን ይመርቁኛል። እኔማ ምን ብዬ ላመስግንህ? እማየን በሕይወት አቆየህልኝ።

አሁን አባየ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚገኙት እዚያው እድር ቤት ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ ያለው ምሰሶ የአናቱ ጌጥ ሳይጠረብ ቀርቶ ነበር፤ ባለፈው ባየልኝ ሊጨርሰው መሮውን ይዞ ሲመጣ አባየ ከለከሉት። "ተወው፤ ባለቤት አለው፤ ሲመጣ ራሱ ይጠርበዋል" አሉት።

ይህን ጻፊለት አላሉኝም። አትጻፊለትም አላሉኝም።

አላህ እጅህን ይባርክልህ፤ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እህትህ፣ ከሽንፋ