አሮጌውን ቤት ሳናፈርስ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 4፣ 2010

ከምሠራበት ፓርኪንግ ወጥቼ ልጄን ሩሃማን ከትምህርት ቤት አመጣኋት። ሩዝ በአትክልት ሠራሁ። የተለመደ ቀን። ቤቱ ዛሬም በረዶ ነው... ሂተሩ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፣ እግራችን ግን አይሞቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዛን ስንል ሰው ይቀናብናል። ጃኬት ለብሰን ራት እንደምንበላ ማን ያውቃል?

ልጄ እንደገና አሳላት። ኢንሄለሯን ሁለቴ ወሰደች። ዶክተሯ፣ "ቤታችሁን እዩት፤ አቧራና እርጥበት አስም ያባብሳል" ብላኛለች።

የባሌ የመርዕድ መልስ ግን አንድ ነው። "ሁሉንም ማፍረስ! ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ኪችኑ..." ወንድሙ ምናሴ ፌርፋክስ አዲስ ቤት አለው። ከዚያ በተመለስን ቁጥር ባሌ የራሳችንን ቤት ይጠላዋል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6

አቶ ዋቅጅራ መጡ። አናጢ ናቸው፤ ስልሳ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም። ቁጥራቸውን የሥራ ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ። "አሮጌ ቤት የሚወዱ ሰው ናቸው" ብላ።

መዶሻ ይዘው ይመጣሉ ስል የያዙት ባትሪና አንድ ፍሬ ሶፍት። ሶፍቱን በመስኮቱ ጠርዝ ያዙት፤ ተርገበገበ። በበሩ ሥር፤ ተርገበገበ። ከኮርኒሱ በላይ ወደሚያስወጣው ቀዳዳ ሲያስጠጉትማ ወደ ላይ ተሳበ!

"ሙቀታችሁ በዚህ ነው የሚሄደው። ሰማዩን ነው የምታሞቁት።"

"ታዲያ ማፍረስ ነዋ?" አለ መርዕድ።

"ምኑን ታፈርሰዋለህ ልጄ? ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጡቡ አንድ ቦታ አልተሰነጠቀም። ቤቱ አልታመመም። አልለበሰም እንጂ።"

አልለበሰም... እንዴት ያለ አነጋገር ነው?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 13

ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሰው በማያየው ጥግ፣ የምንጣፉን ጫፍ በጉጠት ሳብ አደረጉት። ከሥሩ ጣውላ! ማር የመሰለ የኦክ ጣውላ። ዓመት ሙሉ በላዩ ስንሄድ አላወቅንም።

"መጀመሪያ ልጅቷን ከቤት አውጧት" አሉ። ጎረቤት ላክኋት። ምንጣፉን ስንጠቀልል የወጣው አቧራ... ልጄ ስትተነፍስ የኖረችው ይህንን ነው?

መርዕድ ሲገባ ፊቱ ተለወጠ። ለካስ አዲስ ምንጣፍ አዟል። ሳይነግረኝ!

"ካንስል አድርገው።"

"አላደርግም! ሰው ረግጦ የተወው እንጨት ላይ ልትኖሪ ነው?"

አቶ ዋቅጅራ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ሚስማር ሲነቅሉ ዋሉ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 14

መርዕድ ራቱን ቴሌቪዥን ፊት በላ። እኔ ከሩሃማ ጋር ኪችን።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16

ሩሃማ በካልሲዋ ሳሎን ውስጥ እየተንሸራተተች፣ "ዳዲ፣ ሉክ!" አለችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጠች፣ አላሳላትም። ሲያያት አየሁት። ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ምንጣፉ ካንስል ሆነ። ለእኔ ብሎ አይደለም... ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 27

አቶ ዋቅጅራ ከሚፈርሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥበት መጋዘን ወሰዱን። በሮች እንደ ሰው ተሰልፈው ቆመዋል። ለኪችናችን ከአንድ ትምህርት ቤት የወጣ ካቢኔት መረጡ፣ ከባድ፣ ድፍን እንጨት። ሌላ አንጸባራቂ ነገር ሳሳያቸው መሳቢያውን ከፍተው፣ "አሽትቺው" አሉኝ። ሙጫው አፍንጫ ይሰነጥቃል። "ለልጅቷ አይሆንም።"

ዕቃ ሲመርጡ የሚያስቡት ስለሚኖርበት ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 4

ዛሬ ደነገጥኩ። ላግዝ ብዬ የመስኮቱን አሮጌ ቀለም በቢላ መፋቅ ጀመርኩ።

"ተዪ! ንኪ ብሎ ማን አዘዘሽ?"

አቶ ዋቅጅራ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው። በትንሽ መመርመሪያ ጥጥ ቀለሙን ነካ አደረጉት። ጥጡ ቀላ። እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ ብናኙ ልጅ ይመርዛል። እኔ ደግሞ ሩሃማ በምትተኛበት ክፍል... ቢላውን ወረወርኩት።

"አላወቅሽም" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሁን አውቀሻል።"

ሩሃማን ምናሴ ዘንድ አደረስናት። ወለሉን በፕላስቲክ ሸፈኑ፣ ማስክ አደረግን፣ ቀለሙን ውኃ እየረጩ ነው የፋቁት። መስኮቱ ግን አልተጣለም። መስታወቱን የሚይዝ አዲስ ስቱኮ፣ አዲስ ማንሻ ገመድ። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 9

አቶ ዋቅጅራ ኮል አደረጉ። ወገባቸው። ሐኪማቸው መሰላል ከልክሏቸዋል። ዋናው ሥራ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው፣ ገና አልተነካም። ቅዝቃዜው ደግሞ እየባሰ ነው። መርዕድ ወፍራም ነው፤ በዚያች ቀዳዳ አያልፍም። ማን ይውጣ?

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 11

እኔ ወጣሁ፣ ከፍታ የምፈራዋ።

እሳቸው ከታች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ጨለማ ውስጥ በእንብርክክ።

"ውቢት! ጉልበትሽ እንጨቱ ላይ ብቻ! መሀሉን ከረገጥሽ ሳሎን ነው የምትወርጂው!"

"እሺ!"

"ቧንቧው የሚወጣበትን አገኘሽው?"

"እጄን ያስገባል!"

"በይ ሙዪው!"

በየቧንቧውና በየሽቦው ዙሪያ ፎም ነፋሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀዳዳ። አንዱ ጋ ስደርስ ከፍታውን አሰብኩና መውረድ አማረኝ። "ትንሽ ዕረፊ፣ ከዚያ ቀጥዪ" አሉ፤ እንዴት አወቁ? ከዚያ ከአሮጌ ጋዜጣ የተፈጨውን ኢንሱሌሽን፣ ሙቀት የሚይዘውን የቤቱን ልብስ፣ በጎማ ቱቦ ነፋሁት። መርዕድ ደጅ ቆሞ የሚነፋውን ማሽን ያጎርሳል። ከረጢቱ ባለቀ ቁጥር "አለሽ?" እያለ ይጮሃል። ስንት ሳምንት ሆነን እንዲህ ካወራን?

ስወርድ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ግራጫ ነበርኩ። አቶ ዋቅጅራ ትንሽ አዩኝና፣ "እኔ እንኳ እንዲህ አልጠቀጥቀውም" አሉ። ሰውዬው በከንቱ አያሞግሱም።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 17

ደጁ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ሂተሩ ዝም ብሏል፤ ተበላሸ ብዬ ሄጄ ነካሁት... ደህና ነው። ቤቱ ሞቆ ነው! ኢንሄለሩን ከነካን ዘጠኝ ቀን።

መርዕድ በስልክ ለምናሴ፦ "ና እንጂ፣ የሚስቴን ሥራ ተመልከት።" የሚስቴን ሥራ! ያልሰማሁ መስዬ ድንች ላጥኩ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 12፣ 2011

አቶ ዋቅጅራ ሊጠይቁን መጡ። ሻይ ሳይጨርሱ አንድ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ኮሌጁ ውስጥ የማታ ኮርስ አለ፤ ቤት ሙቀት እንዳያባክን የሚጠግኑ ሰዎች ያሠለጥናል።

"ለማን ነው?" አልኳቸው።

"እኔ ከእንግዲህ መሰላል አልወጣም። አንቺ ግን እየፈራሽም ወጥተሻል።"

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ? በእንግሊዝኛ? ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ የለጠፈው መርዕድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 7

ሪቨርዴል ፓርክ። ኮርሱን ጨርሼ፣ የቀጠረኝ ድርጅት ብቻዬን የላከኝ የመጀመሪያ ቤት። ወይዘሮ ዘነበወርቅ የሚባሉ አሮጊት በሩን ከፈቱ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን ያያሉ።

"ሠራተኛው የት አለ ልጄ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

ከራስ መሸፈኛዬ እስከ ቦት ጫማዬ አዩኝ። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። ድሮ ቢሆን መሬት መሬት ባየሁ ነበር...

"ያ ሁሉ የሚቆፈር ግድግዳ ለአንቺ?"

"አይቆፈርም እማማ። መጀመሪያ ቤቱን አያለሁ።"

በሩን ለቀቁልኝ። "በይ ግቢ፤ ከየት ትጀምሪያለሽ?"

"ከላይ" አልኳቸው፣ መሰላሌንም ከመኪናው አወረድኩ።