በቀን አምስቴ የላጥኩት ቆዳ

ውድ ያሕያ፣

ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ ወኔዬ ስለሚከዳኝ በቀጥታ ልናገር። ባለፈው ሳምንት ከሳንጃ ደውለህ «ከጠላሽኝ በግልጽ ንገሪኝ፤ እኔም እዚሁ የሰሊጥ እርሻዬን ይዤ እቀራለሁ» ስትለኝ በስልክ አፌ አልደፍር ስላለ ነው የምጽፍልህ። አልጠላሁህም። የሸሸሁህ ቆስዬ ነው።

በመስከረም አንጀቴ ተጠምዝዞ ኦፕራሲዮን ስሆን አጠገቤ ነበርክ። ሐኪሞቹ አንጀቴን በሆዴ በኩል አውጥተው፣ ሰገራው እላዩ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት እንዲጠራቀም እንዳደረጉም ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም። በኅዳር ስትመጣ «እኅቴ ሪሃና ታማለች» ብዬ እሷ ቤት ያደርኩት ውሸቴን ነው። ሪሃና ምንም አልሆነችም። በሆዴ ላይ ባለው መውጫ ዙሪያ ያለው ቆዳዬ ተልጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ቁስል ያዥ ነበር። ከረጢቱ አልጣበቅ እያለ ይፈስብኛል፤ የፈሰሰው ደግሞ እንደ በርበሬ ይለበልበኛል። ልብሴን ሦስቴ ቀይሬ እንኳ ሽታው የለቀቀኝ አይመስለኝም ነበር። እንዴት አጠገብህ ልተኛ?

ጥፋቱ የራሴ ነው። ነጃሳ ተሸክሜ አልሰግድም ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ለየሰላቱ ከረጢቱን እየነቀልኩ ቆዳዬን በሳሙና እፈትገው ነበር። ሱብሒ፣ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ። አላህን ደስ ያሰኘሁ መስሎኝ!

የሆስፒታሏ ነርስ ሲስተር ሰርካለም ስታየኝ ደነገጠች። «ምነው እቴ፣ በቀን ስንቴ ነው የምታነሽው?»

«አምስቴ።»

«በሦስት ቀን አንዴ የሚነሳውን?»

ለብ ባለ ውሃ ብቻ ማጠብን፣ በደንብ ማድረቅን፣ ከረጢቱን ቆዳዬን ተጭኜ ቀስ ብዬ ማንሳትን አስተማረችኝ። እብጠቱ ሲቀንስ መውጫው ይጠባል፤ እኔ ግን የከረጢቱን ቀዳዳ እስከዚያን ቀን በመስከረሙ ልክ ነበር የምቆርጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቀሚስ የለካሁ ሴት ራሴን መለካት ረስቼ! ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

የሰላቱን ነገር ግን እሷ ልትፈታልኝ አትችልም። ሼህ አብዱልመናን ዘንድ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አላህ ስገጅ አለ እንጂ ቆዳሽን ግፈፊ አላለም» አሉኝ። «በፈቃድሽ የሚወጣ አይደለም፤ ይህ ዑዝር፣ ከአቅምሽ በላይ የሆነ ምክንያት ነው። የሰላቱ ወቅት ሲገባ ታጥበሽ ውዱእ አድርጊና ከነከረጢትሽ ስገጅ። ሸጋ ሰላት ነው።»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቆዳው ደርቋል። በታች በኩል ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ገና ቀይ ናት፤ እሷንም አድናታለሁ። አንተን መዋሸት ግን ዛሬ አበቃ። እስካሁን ላስጨነቅኩህ ሁሉ አውፍ በለኝ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ተሳፈርና ና። ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቱን የምቀይርበት ቀን ነው፤ በሩን አልዘጋም። አይተህ የምትሄድ ከሆነ ፊት ለፊቴ ሂድ፣ እችለዋለሁ። የምትቀመጥ ከሆነ ግን እጅህን ታጠብና ግባ፤ ፎጣ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ሚስትህ ዙበይዳ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም