ከባላባቱ ቤት ያስወጣኋት ልጅ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ዘነበች የባሌ ልጅ ናት። አይደለችም ብዬ በሽማግሌ ፊት የማልኩት እኔ ነኝ።

ጻፍኩት።  ገረመኝ።

ቡና ለቃሚዎቹ ጫካ ገብተዋል። ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አገላብጬ ተመለስኩ። ሰማዩ አላማረኝም። ደመናውን እየጠበቅኩ መጽሐፌን ይዣለሁ።

ቤታችን ተከራይቶ የነበረ የታሪክ መ/ር ትቶት የሄደ ነው። ሽፋን የለውም። በድሮ ዘመን ፈረንሳይ አገር አንድ አውራጃ ስለገዙ ባላባቶች ያወራል። ገዥውን «ኮንት» ይለዋል። አንደኛው ቤት ወንድ ሲያጣ አገሩ በሴት ልጅ ጋብቻ ወደ ሁለተኛው ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ፊደል የለየሁት ከልጄ ከዳዊት ደብተር ነው፤ አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ግን ይገባኛል። አማቼም ባላባት ነበሩ። መሬት ለማን ይለፍ ሲባል ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ጋሽ ወልዴ መጡ፣ የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም። ዳዊትም አብሮ። ጫካው ውስጥ ያለው የቡና መሬት እንደ አዲስ ሊመዘገብ ነው። የወራሾች ቃል የዛሬ ሳምንት ቀበሌ ይሰማል። ወረቀት አዘጋጅተዋል፦ ወራሾቹ እኔና ዳዊት ብቻ። «ሟቹ ሌላ ልጅ የለውም።» ፈርሚ አሉኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ቀን አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ሳቁብኝ። «የፈረንጅ ባላባት ሲያነብ የሚውል ዓይን፣ የራሱ ባላባት ጋ ሲደርስ ደከመው?»

ዳዊት ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ከሰዓት። መጽሐፉ ውስጥ፣ ኮንቱ መሬት በሰጠ ቁጥር መነኮሳት ይጽፉታል። ከግርጌ የምስክሮች ስም። ምስክር ከሌለ ወረቀቱ ከንቱ ነው። አንዱ ኮንት ሞተና ሚስቱ ለትንሽ ልጇ አገሩን ያዘችለት፣ በራሷ ማኅተም። መጨረሻው ገጽ ላይ የዘር ሐረግ ተስሏል። ከኮንቱ ወደ ልጇ ረጅም መስመር። ወደ ጎን አጭር መስመር፦ «ሴት ልጅ፣ ከሌላ እናት»። ስም የላትም። ከሥሯ ማንም የለም።

ሴትየዋ ኋላ ተጸጽታ ይሆን? ገጹን ሁሉ ፈለግኩ። አልተጻፈም።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

መዝሙር ሲዘመር አፌ አልከፈት አለ። ሁሉንም ልጻፈው።

የዘነበች እናት ከሸክላ ሠሪ ወገን ነበረች። ያኔ የባላባት ወገን ከእነሱ ጋር አይበላም። የሚቀርብላቸው ደጃፍ ላይ፣ በኮባ ቅጠል ነው። ባሌ ከእኔ በፊት ያውቃት ኖሯል። እኔ ከተዳርኩ በኋላም እንስራ እየያዘች ትመጣ ነበር። ስትሞት ባሌ ልጅቷን እጇን ይዞ ቤት አስገባት። ልጄ ናት አለ። ስድስት ዓመቷ።

አማቼ አልጋ ላይ ነበሩ፣ ሊሞቱ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ልጅቷ ከቤቱ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? እኔ ዳዊትን አርግዣለሁ። እናቷ ከመሞቷ በፊት ነግራኛለች፣ አባቷ ሌላ ሰው ነው አልኩ። «ማይ» አሉ። ማልኩ።

እናቷ ምንም አልነገረችኝም። እንስራዋን ሸጣ፣ ውሃ ጠጥታ ነው የሄደችው።

ባሌ አየኝ። አባቱ ፊት ትንፍሽ አላለም። ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ አላነሳውም። ልጅቷን በሩ ድረስ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጫማዋን እንኳ አላስያዝኳትም። ጌጫ ላሉት የእናቷ ዘመዶች ተላከች።

ስለ ዳዊት ብዬ ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ባሌ እሷን ሲያይ ፊቱ ስለሚበራ ነው።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ከጌጫ ስመለስ፣ መኪና እስኪሞላ

ሄድኩ። ጉም፣ ብርድ። ዘነበችን ገበያው ዳር ጀበናና ድስት ደርድራ አገኘኋት። ሽበት ጀምሯታል። ግንባሯ ቁርጥ አባቷን። አወቀችኝ።

አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ሁሉንም። አልቅሼም ነበር። እሷ ድስት ትወለውላለች።

«እትዬ፣ ይህን ለእኔ ምን ይነግሩኛል? እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

ይቅር በዪኝ አልኩ።

«አባቴ ማን እንደሆነ እኔን አልጠፋኝም። የጠፋው እነሱን ነው። ለማሉላቸው ለእነሱ ይንገሩ።» ሰው ዋጋ ሊጠይቅ ቆመ። «አሁን ይነሱልኝ፣ ዕቃዬን ጋረዱብኝ።»

ተነሳሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ማለዳ

ዳዊት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ጫካ ወርዷል። በሦስት ሰዓት ሊወስደኝ ይመጣል። «እማዬ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ጋቢ ደርቢ» ብሎኝ ነው የሄደው። የምኖረው በእሱ እጅ ነው። ከዛሬ በኋላ እማዬ ይለኝ ይሆን?

ጋቢዬን ደረብኩ።

በአፌ ልናገር አስቤ ነበር። ራሴን አውቃለሁ። ጋሽ ወልዴ ሲቆጡ ምላሴ ይታሰራል። ለመዋሸት አልታሰረም ነበር።

ስለዚህ እነዚህን ገጾች እገነጥላቸዋለሁ። ለዳዊት አስቀድሜ ብሰጠው ያቃጥላቸዋል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እናቱን ከሰው አፍ ሊያድን ብሎ። ዘነበችም አትፈልጋቸውም። ወረቀቱን አልፈርምም። የመሬት ኮሚቴው ጸሐፊ ወ/ሮ አልማዝ የምትባል ሴት ናት፤ የተሰጣትን ቃል ሁሉ ቆማ፣ ጮክ ብላ ነው የምታነበው አሉ።

ዘመድም፣ ሽማግሌም፣ ልጄም በተቀመጡበት እነዚህን ገጾች ታንብብ። ተቀባይዋ እሷ ናት፦ ወ/ሮ አልማዝ።