ሣጥንሽን ይዘሽ ነይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለሆዴ፣ ለመጨረሻዋ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴም ጥርሴም እንዳለ ነው፤ ስለ ቀረው ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ነርሷ ናት። ጡረታ ብትወጣም ሰው መምከር አልተወችም። ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ወሰደችኝ። እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ያገኘሁትን ግንድ በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ፣ መዳፌን እየጫንኩ፣ “ይሄ ለበር፣ ያ ለማገዶ” እያልኩ ሄድኩ። አናጢ ከሥራ ቢወጣ እጁ አይወጣም። ነርሷ ድንገት ዞር ብላ፣ “ጋሼ፣ ወፎቹንስ ሰሙ?” አለችኝ።

“ጆሮ የለውም አሉሽ? ሲንጫጩ አይደል ያረፈዱት?”

ፊቴን አየችና ቀስ ብላ፣ “ዛሬ አንድም ወፍ አልጮኸም” አለች። ይህንንም ከከንፈሯ ነው ያገኘሁት። ፊደል ባልቆጥርም ከንፈር ማንበብ ተምሬያለሁ። ተያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቲኬት ገዝቻለሁ ብላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ክፍል አስገባችኝ። ወንበሩ ሠላሳ አይሞላም። አንዲት ሴት ያንቺን ዓይነት ቼሎ፣ ያን ትልቅ ባለ ክር ሣጥን፣ በጉልበቷ መሃል ይዛለች። ከፊት ተቀምጬ፣ ለሚያየኝ ሰው ብዬ ራሴን እወዘውዛለሁ። ኋላ እጄ የእንጨቱ መድረክ ጠርዝ ላይ አረፈ። ልጄ፣ ድምፁ መጣ። በመዳፌ ገባ፣ ክርኔን አለፈ፣ ደረቴ ላይ ቆመ። ሰው አጨብጭቦ ሲጨርስ እኔ እጄን አላነሳሁም።

ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። ወርዳ እጄን የመሣሪያው ጎን ላይ አኖረችና ደጋኗን ክሩ ላይ ሳበች።

“እዚህ ጋ ሙጫው ለቋል” አልኳት፤ “ይርገበገባል።”

ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። የሚያቃጭልበትን ቦታ ሦስት ወር ስትፈልግ ኖራ አጥታዋለች። ሰዉ ሁሉ አየኝ። ኮራሁ፤ ምን ይደበቃል።

ቤት ስገባ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። “ሣጥን እያከክሽ ልትኖሪ ነው?” ያልኩሽ ቀን። እንጨት ሁሉ ዳስሼ፣ ያንቺን አንድ ቀን አልነካሁም።

ስትደውዪ ስልኩን ለነርሷ የማቀብለው ተቀይሜሽ አይደለም። “ሥራ ይዟል” የሚባለውም ውሸት ነው፤ ምን ሥራ አለኝ? ድምፅሽ ከጠፋኝ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን ያስባለችኝ ነርሷ አይደለችም፤ እኔው ነኝ ያልኩት። እንዲያውም ይህን ስል እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መነጽሯን ጠረገች።

ስለዚህ አትደውዪ፤ ነይ። ሣጥንሽን ይዘሽ ነይ። አንቺ ትጫወቻለሽ፣ እኔ እጄን አሳርፋለሁ። ሙጫውንም አይልሻለሁ።

መንገድሽ ይቅና፤ ጣቶችሽን ክፉ አይንካቸው፤ በሄድሽበት የሚያዳምጥሽ አትጪ።

አባትሽ

ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ነርሷ አንዴ ይበቃል ብላ ነበር፤ ሁለቴ አተምኩት።