አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቁም

ዛሬ የምንሸኛቸው ካርታ ነዳፊው ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው፣ ገና ዳዴ ሲሉ እንኳ የበሩ ደፍ ላይ ደርሰው ወደ ኋላ ዞረው የሚያዩ ሕፃን ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው በልጅነቷ መንገድ የተሻገረችው ሁልጊዜ በእሳቸው ፈቃድ ነው። መኪና መጣ፣ ብስክሌት መጣ፣ ውሻም መጣ፣ እጃቸውን ደረቷ ላይ ዘርግተው «ቆይ ቆይ» ይሏት ነበር። ስሙም በዚያው ጸና፤ በመጀመሪያ ሰፈሩ፣ በኋላም መሥሪያ ቤቱ «ቆይ ቆይ» እያለ ጠራቸው። አልተቀየሙም። ለመቀየም ጊዜ ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ጊዜያቸውን በሥጋት ጨርሰውታል።

ትምህርታቸውን በዚያው ሰፈር አጠናቀው፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የካርታ ንድፍ ተምረው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የኮረብታዎችን ከፍታ በቀጭን ብዕር መስመር በመስመር ሲስሉ ዋሉ፤ ዕድሜያቸውም በዚሁ ሄደ። በዚያው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። የጋብቻውን ጥያቄ ለማቅረብ ሦስት ዓመት እንዳሰቡበት፣ ባለቤታቸው ግን እዚያው በቆሙበት እንደመለሱላቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

የጦርነት ጨዋታ ውስጥ ያስገባቸው ያው ካርታ ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው በምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮረብታና ወንዝ በካርቶን ሠሩ፤ ከአባታቸው የእንጨት ቁርጥራጭ ትናንሽ ወታደሮች ቀረጹ፤ የሚሞተውንና የሚተርፈውን ባለስድስት ቁጥር የሉዶ ጠጠር እየወረወሩ ይወስኑ ጀመር። ይሁን እንጂ ጨዋታው ሐሰት ነው የሚል ሥጋት ዕረፍት ነሣቸው። ጥይት ጮኾባቸው የማያውቁ ሰው ናቸውና፣ ከታች ፎቅ ቁልፍ ይቀርጹ የነበሩትን ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ደጅ ጠኑ።

ሃምሳ አለቃው በወረቀት አላስተማሯቸውም። በሕንፃው መኪና ማቆሚያ በሆዳቸው አስተኝተው አሳዩአቸው። ዘጠኝ ሰው ያላት ጓድ አንድ ላይ አትሮጥም፤ ግማሹ ተኝቶ መሣሪያውን አነጣጥሮ ይጠብቃል፣ ግማሹ አጭር ርቀት ሮጦ ይወድቃል፣ ከዚያ ተራው ይለወጣል። «አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቁም» የሚለው የሃምሳ አለቃው ቃል ነው። አንድ ሰው ሲቆስል የሚጎድለው አንድ እንዳልሆነ፣ የሚሸከሙትም አብረው እንደሚጎድሉ ተማሩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ክራባት እንዳሰሩ መኪና ሥር ለመኪና ሥር ሲሳቡ ያየ ጎረቤት ሁሉ ስለ ጤናቸው ባለቤታቸውን ጠይቋል። ባለቤታቸውም «ሱሪው ነው የሚያሳስበኝ» ብለው መልሰዋል።

የተማሩትን ሁሉ ደንብ አድርገው ጨዋታው ውስጥ አስገቡ። ዝናው ሄዶ ሄዶ የጀማሪ መኮንኖች ማሠልጠኛ ጨዋታውን ለትምህርት ወሰደው። ኩራታቸው ብዙ አልቆየም፤ ልጃቸው በዚያው ማሠልጠኛ ተመዘገበች። አልከለከሏትም። እንደ ልማዳቸው «ቆይ ቆይ» አሏት፤ አልቆየችም።

አንድ ከሰዓት የሠልጣኞችን የሜዳ ልምምድ ሊያዩ ተጋበዙ። የልጃቸው ጓድ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ለሁለት ተከፈለች። አንደኛው ወገን ሌላው የት እንዳለ አልጠየቀም፤ አልተጣራም፤ የሚያውቅ መስሎታልና። ግማሾቹ ከቁጥቋጦው ብቅ ሲሉ የገዛ ጓደኞቻቸው ተኮሱባቸው። ጥይቱ የልምምድ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ አሠልጣኞቹም ሳቁ። ቆይ ቆይ ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ልጆቹን ማን እንዳሳሳታቸው ገባቸው። በእሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ወዳጁንም ጠላቱንም ከላይ ሆኖ ያያል። ዕድሜ ልካቸውን ኮረብታን ከላይ ያዩ ሰው፣ በሆዳቸው የሚሳቡ ልጆችን እንደ አሞራ ማየት አስተምረዋል።

በማግስቱ ጨዋታው ይቁም ብለው ኃላፊው ዘንድ ቀረቡ። ኃላፊው ሠልጣኞቹ በጣም እንደወደዱት ነገሯቸው። ፈሪው ወንድማችን ያን ቀን ከቢሮው ደጃፍ አልነሣም አሉ፤ ፀሐፊዋ ሻይ አቀረበችላቸው፣ ጠጡና እዚያው ቆሙ። በመጨረሻ ጨዋታው እስኪታረም ተቆለፈበት። እቤት ገብተው ሳሎኑን ከወጥ ቤቱ በአንሶላ ጋርደው ለዩት፤ አንዱ ተጫዋች ወጥ ቤት፣ ሌላው ሳሎን ሆነ፤ መልእክት የሚያልፈው በባለቤታቸው በኩል ብቻ ሆነ። ባለቤታቸው ሽንኩርቱ እስኪበስል መልእክቱን ያቆዩታል፤ ሲያደርሱትም ግማሹን ረስተው ነው። ቆይ ቆይ በደስታ አጨበጨቡ፤ ጦርነት ማለት ይኸው ነው አሉ።

ነገር ግን እርማቱ ከማለቁ በፊት ልጃቸው ተመርቃ ወደ ግንባር ተላከች። የተሳሳተውን ይዛ ሄደች።

የእነዚያ ወራት ጭንቀት ተነግሮ አያልቅም። ስልክ ሲጮኽ አይነሡም፤ ዝም ሲል ደግሞ ጭንቅ ጥብብ ይላቸዋል። ምግብ ይቀርባል፣ ይነሣል። ልጃቸው አለችበት የተባለውን ሸለቆ በካርቶን ሠርተው አንዲት የእንጨት ወታደር አቆሙበት፤ ጠጠሯን አንሥተው ግን መወርወር አልቻሉም። እጃቸው እንዳያታልላቸው ለባለቤታቸው ሰጥተው ደብቂልኝ አሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የት እንዳለች አልጠየቁም።

ልጅቱ በደኅና ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመው ይቅርታ ሊጠይቋት ጀመሩ፤ እሷ ግን አስቀድማ የሆነውን ነገረቻቸው። እሷና ጓዷ ጉም በሸፈነው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ከፊት ለፊት የሰው ኮቴ ሰሙ። ሁሉም ጠላት ነው ብሎ ሊተኩስ ተዘጋጀ።

«ጨዋታውን ረስቼዋለሁ አባባ» አለቻቸው። «በልጅነቴ መንገድ ዳር የሚዘረጉብኝ እጅዎ ትዝ አለችኝ። እጄን ዘረጋሁና ቆይ ቆይ አልኳቸው። የሚመጡት የራሳችን ልጆች ነበሩ።»

ወንድማችን ያን ዕለት በሰው ፊት አለቀሱ። ከዚያ በኋላ «ቆይ ቆይ» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ ቀና ብለው አቤት አሉት። የታረመው ጨዋታ ወደ ማሠልጠኛው ተመለሰ፤ ዛሬም በአንሶላ ተከፍሎ ይማሩበታል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ሕመም ያዛቸው። በሆስፒታል ሐኪሞቹ ዕረፍት ቢያዙላቸውም፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያሉ ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም፤ ሁላችን ካሸለብን ማን ይጠብቃል ነበር ሥጋታቸው። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ልጃቸው ከአልጋቸው ራስጌ ተነሥታ በሩን ጠብቃ ቆመች።

«አባባ፣ እኔ ቆሜያለሁ» አለቻቸው። «እርስዎ ይተኙ።»

አዩዋት፤ ወደ በሩ አዩ፤ ዓይናቸውን ከደኑ። ማክሰኞ ማለዳ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና ይህችው ታናሽ እህታቸው ቀርተናል። ሃምሳ አለቃው ቀድመዋቸዋል፤ ወዲያ ማዶ ሆነው ሳይጠብቋቸው አይቀሩም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዘብ በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ይስጠን።

ይተኙ ወንድም ጋሼ። እኛ ቆመናል።