«አፋልጉን» የሚለው ወረቀት

ሰኔ 2፣ ከጠዋቱ 4፡00

ኮላው አለቀ። እጄ እስከ ክርኔ ተጣብቋል። ከአዳራሹ እስከ መናኸሪያ ሃያ ስምንት ወረቀት። ሳቅብኝ ደብተሬ፣ ዛሬ የሲኒማ ሰው ነኝ።

ሰኔ 8 አዳራሻችን ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልም አሳያለሁ። ከቤቷ ወጥታ ከተማ ውስጥ የጠፋች ልጅ ታሪክ ነው። አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ቁርጡን ነግረውኛል፤ ዘንድሮም ወንበሩ ካልሞላ አዳራሹ የማዳበሪያ መጋዘን ይሆናል። አምስት ዓመት የለፋሁበት አዳራሽ!

ፊልሙ የወጣ ጊዜ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ግድም፣ አከፋፋዮቹ ለሲኒማ ቤቶች የላኩትን የማስታወቂያ መመሪያ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ጉድ ነው። ዝሆን ተከራይታችሁ ከተማውን ዙሩ ይላል። ደ/ማርቆስ ላይ ዝሆን! ጋሪ ካልሆነ። አንዱ ምክር ግን ልቤን ወሰደው። የልጅቷን ፊት ብቻ ለጥፉ፣ አይታችኋታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የፊልሙን ስም ደብቁ፣ ሕዝቡ ሲያወራ ይሰንብትና በዋዜማው ይፋ አውጡ ይላል። አደረግሁት። ያገር ለዛ እንዲኖረው ደግሞ ከላይ በትልቁ «አፋልጉን» ብዬ ጻፍኩበት፣ ከሥር የአዳራሹን ስልክ። እኔን ብሎ ብልጥ።

ሰኔ 4፣ 5፡30

ሠርቷል! ባጃጅ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ ወሬው እሷ ናት። አንዱ የአምበር ከተማ ልጅ ናት ይላል፣ ሌላው ትናንት አየኋት ብሎ ይምላል። ፎቶ ኮፒው አጥቁሯት ሻርፗን ነጠላ አስመስሎታል። የቢሮው ስልክ አላረፈም። አቶ ደሳለኝ እንኳ ፈገግ አሉ።

ሰኔ 5፣ ከቀኑ 8፡20

የቢሮውን በር ዘግቼ ነው የምጽፈው።

አንዲት እናት መጡ። ወ/ሮ አስናቁ፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለ ገጠር። ልጃቸው ብርቱካን ሰው ቤት እሠራለሁ ብላ ከወጣች ዘጠኝ ወሯ። ስልኳ ዝግ። ገበያ ላይ አንድ ሰው ደ/ማርቆስ ልጅሽን የሚያፈላልጉ አሉ አላቸውና በእግርም በመኪናም ደረሱ። ወረቀቴን ነቅለው አጥፈው ይዘውታል። ከስታለች አሉ፣ ፊቷን በጣታቸው እየዳሰሱ።

የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። ከእሳቸው ሌላ ማን ነው የሚፈልጋት? ፎቶውስ መቼ ተነሣ?

አልነገርኳቸውም። እያጣራን ነው አልኩ። እኔ! አሁን ብናገር ወሬው ይበላሻል፣ አዳራሹም ይሄዳል ብዬ። ሰው ነኝ እኔ?

ሰኔ 6፣ ከቀኑ 7፡40

አገራቸው አልተመለሱም። ዘመድ ቤት አድረው ማልደው መናኸሪያው ግንብ ሥር ቆመዋል። ዝናቡ ወረቀቱን አርሶት ኖሮ ፌስታል ቀደው ሸፍነውታል። ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያሉ። ሳያዩኝ በሌላ በኩል ዞርኩ። ፈሪ።

አቶ ደሳለኝን አማከርኩ። ሁለት ቀን ነው፣ ቻይው፣ ከዚያ ይነገራቸዋል አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምሳ አልወረደልኝም።

ያው ቀን፣ 10፡15

ነገርኳቸው። እዚያው ግንቡ ሥር።

ፊልም ነው፣ ልጅቷ የፈረንጅ ተዋናይ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ከሞተች ቆይታለች ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱን ብቻ አዩት፣ ብዙ አዩት። ከዚያ፦ «ሳይጠፋባችሁ ነው እንዲህ የምትፈልጉ?»

መንገድ ላይ አለቀስኩ። እማማ፣ አሁኑኑ ሁሉንም እነቅለዋለሁ አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ጠንካራ እጅ። አትንቀይው አሉ። ዘጠኝ ወር ሲለምኑ የቆመላቸው የለም፤ አሁን ሰዉ ቆሞ ማየት ለምዷል። ከመቀነታቸው ጉርድ ፎቶ ፈትተው አወጡ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጊዜ የተነሣችው። ይችን አርጊበት፣ ልጄ፣ አሉኝ።

ሰኔ 7፣ ከጠዋቱ 2፡30

ፎቶ ኮፒ ቤት። ማሽኑ እየሞቀ ነው።

ብርቱካን ፈረንጇን በምንም አትመስልም። ግንባሯ ሰፊ፣ አንድ ጥርሷ ወጣ ያለ፣ ሳቋን ለፎቶው ብላ አፍና የያዘች። አልከሳችም።

አቶ ደሳለኝ ደወሉ። የፊልሙ ስም ይፋ የሚወጣበት ቀን ዛሬ ነው፣ ሞንታርቦ የተጫነበት ባጃጅ በር ላይ ቆሟል፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገርኳቸው። የምለጥፈው የብርቱካንን ፎቶ ነው፣ የፊልሙን ስም አላወጣም አልኩ። ጮኹ። ዛሬ ስሙ ካልተነገረ ነገ ዝር የሚል የለም፣ መጋዘኑን አስቢው አሉ። አስቤዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት እሱን ነው። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁባቸው። በአለቃ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ባጃጁን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አስመጣሁት፤ ሞንታርቦው የሚጠራው የብርቱካንን ስም ነው። እማማ አስናቁ ባጃጁ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ያንኑ ፌስታል አጣጥፈው ይዘው። ሃያ ስምንት ቅጂ። ኮላ ገዝቻለሁ። የምሸፍነው የፈረንጇን ፊት ብቻ ነው፣ ከላይ ያለው «አፋልጉን» አይነካም። ከመናኸሪያው እጀምራለሁ።