ስለ ቶትሲ ለላይል

ፌብሩዋሪ 11፣ 2019
ኒው ሜክሲኮ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ

ላይል፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አርባ ዓመት ስጽፈው የኖርኩት ቃል ስለሆነ ከፈለግህ አንተው ራስህ ጨምርበት። ስለ ጤናህ እንዳልጠይቅ እህትህ ማርጆሪ ሁሉን በስልክ ነግራኛለች። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ትጠብስልሃለች፣ ሶፋዋ ላይ ተጋድመህ ቴሌቪዥን ታያለህ፣ ጀርባህም ተሽሎሃል። ደስ ይበልህ። የእኔ ጀርባ አልተሻለውም። የፍሳሹን ቱቦ ብቻዬን እየጎተትኩ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ብቻዬን እያነሳሁ ከየት ይሻለዋል?

ደውዬ መናገር እችል ነበር። ግን በስልክ ስቆጣ ዝም ትላለህ፣ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። ወረቀት ላይ ሲሆን መሃል ገብተህ «እሺ ግሌንዳ፣ እሺ» ልትለኝ አትችልም። ተቀመጥና አንብብ።

ቶትሲን አግኝቻታለሁ።

አትደሰት፤ ገና አልጨረስኩም። መጀመሪያ ውሻዋ የቀረችባትን ያቺን ቀን ለሰው እንዴት እንደምታወራት ሰምቻለሁ። «ጭራ? ብዬ ጮህኩ፣ ግሌንዳ ሁለት አለችኝ፣ ነዳሁ» ትላለህ አሉ። እንዲያው አታፍርም? ቤታችንን ሸጠን አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ መኖር ከጀመርን ስምንት ዓመታችን ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አንተ ከመሪው ሆነህ «ጭራ?» ትላለህ፣ እኔ ከኋላ ውሾቹን አይቼ «ሁለት!» እላለሁ። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሰው ውሻ በየነዳጅ ማደያው ሲቀር ስላየሁ። በዚያን ቀን ግን ምሳ በልቼ አልጋ ላይ ነበርኩ። ባርኒ ያንን ግንድ የመሰለ ገላውን እግሬ ላይ ጥሎታል። ቶትሲ ከፊት ከአንተ ጋር ናት ብዬ ነው የተኛሁት። አንተ ደግሞ ከኋላ ከእኔ ጋር ናት ብለህ። «ሁለት» አላልኩም። ብልስ? የተኛች ሴት ቃል ይታመናል? ዞር ብለህ ብታይ አንገትህ ይሰበር ነበር?

እሺ፣ ይሄ ይለፍ። መቅረቷን ስናውቅ ወደዚሁ ማደያ ተመልሰን መጣን፣ አጣናት፤ ይሄም ይለፍ። ያላለፈልኝ ሌላ ነው። አንድ ሳምንት ፈለግህ፤ ከዚያ ካርታውን አጥፈህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ካላስታወስክ ላስታውስህ።

«ግሌንዳ፣ ምናልባት አልጠፋችም። ምናልባት ሰልችቷት ነው የወረደችው።»

«ውሻ ምን ይሰለቸዋል?» አልኩህ።

«መንገድ። እኔም ሰልችቶኛል» አልከኝ።

ሻንጣህን ይዘህ አውቶቡስ ስትጠብቅ ከመኪናው እንኳ አልወረድኩም። መስኮቱን ከፍቼ የሰደብኩህን ስድብ የነዳጅ ማደያዋ ዮላንዳ ከውስጥ ሆና ሰምታ ሁለት ቀን አየት እያደረገች አልፋኛለች። ልሰድብህ የቀረኝ ነገር የለም ብዬ ነበር፤ ነበረ ለካ። የገዛ ድካምህን በአሮጊት ውሻ አሳበብክ። ውሻዋን ምክንያት አድርገህ እኔን ተውከኝ። ይህን ነው ይቅር ያላልኩህ፣ አሁንም አላልኩህም።

አንተ ከሄድክ በኋላ እዚሁ ቆሜአለሁ። ዮላንዳ ከማደያው ጀርባ ለጭነት መኪና የተተወውን ቦታ ለቀቀችልኝ፤ የኤሌክትሪክ ገመድም አውጥታ ሰጠችኝ። የቶትሲን ፎቶ በየምሰሶው ለጥፌአለሁ፣ ያ የተቀደደ ጆሮዋ የሚታይበትን። በየቀኑ ባርኒን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ። ባርኒን ታውቀዋለህ፣ ፍለጋ አይገባውም፤ ሽርሽር መስሎት የየሰዉን አጥር እያሸተተ ይውላል። ማታ ስንመለስ የእሷ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ለቁመናው ስለማይበቃ ግማሹ ውጭ ነው።

ትናንት ዮላንዳ በሩን አንኳኳች።

«ሴኞራ፣ ተቆጥተው እንዳይነሱብኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች።

«ተናገሪ።»

«ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ኤፍሬን የሚባል ሽማግሌ አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዳቦና ባቄላ እንጂ ሌላ ነገር ገዝቶ አያውቅም። ዛሬ የውሻ ምግብ ገዛ። ትልቁን ከረጢት።»

ጫማዬን እንኳ በወጉ አላሰርኩም። ባርኒን አስከትዬ ሐዲዱን ተሻግሬ ቤቱን አገኘሁት። ግቢው ውስጥ የፔካን ዛፎች አሉ፣ በረንዳው ላይ አንድ የተሸራረፈ ወንበር፣ ከወንበሩ ሥር ቶትሲ። ወፍራለች ላይል። ጎኗ ክብ ሆኗል። አይታኝ ተነሣች፤ ያቺ ዳገት አልወጣ የምትለው ውሻ እየሮጠች መጣችና እያለቀሰች እጄን፣ ፊቴን፣ መነጽሬን ሳይቀር ላሰችኝ። ባርኒማ አናቷ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

«ውሻዬን ሰረቅህ!» አልኩት።

«አልሰረቅኩም ሴኞራ። ራሷ መጥታ በረንዳዬ ላይ ተኛች። ባለቤት ይኖራት ይሆናል ብዬ በሩን ክፍት ትቼላት ነበር፣ አልሄድ አለች። ሬይና ነው የምላት፤ ንግሥት ማለት ነው።»

«ቶትሲ ናት! ማደያው እኮ እዚህ ነው! ፎቶዋን አላየህም?»

«ዓይኔ ሩቅ አያይም» አለና፣ «ቢያይስ መቼ እቸኩል ነበር» አለኝ። ድፍረቱን አየህልኝ?

ተመልሼ ሄጄ መኪናውን አመጣሁትና በሩ ላይ አቆምኩት። ደረጃውን አወረድኩ። «ቶትሲ፣ ግቢ! እንሂድ!» አልኳት። ጭራዋን እየቆላች መጣች። የፊት እግሮቿን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረገች፣ ውስጡን አሸተተች። ከዚያ ወረደች። ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ቀስ ብላ ሄዳ ወንበሩ ሥር ተኛች።

ደግሜ ጠራኋት። በቺዝ ጠራኋት፣ በቁጣ ጠራኋት። ኤፍሬን ራሱ «ሂጂ ሬይና፣ ሂጂ! ባለቤትሽ መጥታለች!» እያለ በኮፍያው ሊያባርራት ሞከረ። በመጨረሻ አቅፎ አምጥቶ ውስጥ አስቀመጠልኝና በሩን ዘጋሁት። ሞተሩን አስነሳሁ። ከጠረጴዛው ሥር ገብታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሁለመናዋ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ጥርሷ ሳይቀር ይንገጫገጫል። ከአምና ጀምሮ ሞተር ሲነሳ እንደዚህ ትሆናለች ብለህ ስትነግረኝ «እርጅና ነው» ያልኩህ እኔ ነኝ፣ እሺ። እርጅና ነው አሁንም። ግን ሞተሩን ሳጠፋው መንቀጥቀጡ ቆመ።

ወርጄ ሽማግሌው ላይ ጮህኩበት። አበላሽተህብኛል አልኩት፣ በምግብ ገዝተሃታል አልኩት፣ ብቸኝነትህን በሰው ውሻ ትወጣለህ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ዝም ማለቱ አንተን አስታወሰኝና የባሰ ጮህኩ። ስጨርስ እንዲህ አለ፦

«ሴኞራ፣ እኔን ይስደቡኝ። እሷን ግን አይቆጧት። እርስዎን ጠልታ አይደለም፤ አየኋት እኮ ሲመጡ እንዴት እንዳለቀሰች። መሄድ ነው ያልፈለገችው።»

በሩን ከፈትኩት። ወጣች። ምንጣፏንም ወስጄ ሰጠሁት። ምንጣፏን ሳወጣ ባርኒ ተከተለኝና በረንዳው ላይ አጠገቧ ተጋደመ፤ እሱን መልሼ ለማስገባት ያየሁትን ፍዳ አልነግርህም።

አሁን የማርጆሪ ሶፋ ላይ ሆነህ «ነግሬሽ አልነበር?» እያልክ እንደሆነ ይታየኛል። ብለሃት ከሆነ ይህን ወረቀት ቀድደህ ጣለው። ትክክል ነበርክ አልልህም። ውሻዋ የፈለገችውን ታውቅ ይሆናል፤ አንተ ግን ስለ ውሻ እያወራህ ስለ ራስህ መናገርህ፣ ፊት ለፊት «ግሌንዳ ደክሞኛል፣ ነይ እንረፍ» ማለት አቅቶህ በአውቶቡስ መሄድህ ትክክል አይደለም። እንደዚያ ብትለኝ ምን እልህ ነበር? እጮህብህ ነበር። ታዲያ ብጮህብህስ? አርባ ዓመት ጮሄብህ ሞተሃል?

ዛሬ ጠዋት ከመንቃቴ በፊት እጄን ወደ አንተ በኩል ዘርግቼ ነበር። ባርኒ ነበር። ይህን የጻፍኩልህ እንዲያሳዝንህ አይደለም፤ ባርኒ አልጋ ላይ መውጣት እንደለመደ እንድታውቅ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለባርኒ ነው የምጠይቀው። የማርጆሪ ግቢ አጥር አለው? ካለው ጥሩ። ከሌለው ሥራበት፤ ይሄ ውሻ ክፍት ካገኘ ጎረቤት ሁሉ እየገባ ሰው ያስቀይማል። እኔን በተመለከተ አትጨነቅ፣ የማድረው መኪናዬ ውስጥ ነው። ማርጆሪ በር ላይ አቆምና ሞተሩን አጠፋዋለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደምቆይ አትጠይቀኝ፣ ማርጆሪም እንዳትጠይቀኝ።

ነገ ዮላንዳን ተሰናብቼ፣ በኤፍሬን በኩል አልፌ፣ እነሳለሁ። እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥህ፤ ጭቅጭቁን እኔ ይዤልህ እመጣለሁ። እዚህ መሬቱ በረዶ ነው፣ ለአጥር አይቆፈርም እንዳትለኝ ደግሞ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ እስክደርስ ይቀልጣል።

እንደተቆጣች ያለች ሚስትህ፣
ግሌንዳ